የወንድሜ የአራስ ገንፎ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ገንፎ ማገንፋት የማትችል ሴት አለች ቢባል የሚያምን ሰው አልነበረም። ዓይነ ስውር አለች ቢባል ያምናል፣ ዲዳ አለች ቢባል ያምናል፣ ገንፎ የማትችል አለች ሲባል ግን «ኧረ ወዲያ! ለመሆኑ የማን ልጅ ናት?» ነው የሚለው። ታዲያ እኔ አልችልም ነበር። ምን ያስቃችኋል? አልችልም ነበር፣ አበቃ። እናቴ ሞክራለች፣ አልዋሽባትም፣ እና እኔ በአንድ እጄ ማማሰያ በሌላው መጽሐፍ ይዤ ነበር የምቆመው፣ እና አንድ ቀን መጽሐፉ ከነልባሱ ድስት ውስጥ ገባ፣ እና እናቴ በጭልፋ አውጥታ ለአባቴ ሰጠችውና «ይኸው፣ የልጅህ ወጥ ደርሷል» አለችው። ከዚያ ወዲያ ወደ ጓዳ የጠራኝ የለም።

እና ከዚህ ከተማ ወጣሁ። ለምን ወጣሽ አትበሉኝ። የሚያውቁት አብዛኞቹ ሞተዋል፣ ያልሞቱት «ረስተነዋል» ይላሉ፣ እኔ አልረሳሁትም፣ ይኸው ነው። አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ገብቼ አራሚ ሆንኩ። አራሚ ማለት ሰው የጻፈውን መጽሐፍ ሳይታተም እያነበበ ስህተቱን የሚለቅም ማለት ነው። ዕድሜዬን የሰው ስህተት ስለቅም ኖርኩ፣ እና ምሳዬን ሻይ ቤት፣ ራቴን ከቤት አከራዬ ጋር እየበላሁ አረጀሁ። ታዲያ ስመለስ ነቀምቴ ምን አለችኝ? እልል አለችልኝ? ባጃጅ ነጂው ዞር ብሎ «እማማ፣ ለከተማው እንግዳ ነዎት?» አለኝ። እኔን! እሱ ሳይወለድ፣ አባቱም ሳይወለድ በዚያ ቁልቁለት በቂጤ የተንሸራተትኩትን! «አዎ፣ እንግዳ ነኝ» አልኩት። ምን ልበለው?

እና ከታናሽ ወንድሜ ከደምሴ ጋር መኖር ጀመርኩ። ደምሴን ታውቁታላችሁ፣ የዚች የሌንሴ አባት፣ ልብስ ሰፊ የነበረው። ሚስቱ ሞታበት ብቻውን ነበር፣ እኔም ብቻዬን ነበርኩ። ታዲያ ሁለት ብቸኛ አንድ ቤት ሲገቡ ቤተሰብ ይሆናሉ ብላችሁ እንዳታስቡ፣ ሁለት ብቸኛ ነው የሚሆኑት። እሱ ሬዲዮውን ይሰማል፣ እኔ መጽሐፌን አነባለሁ፣ የምታበስልልን ኩሜ የምትባል ጎበዝ ልጅ ነበረች፣ እሷ ታበላናለች። ሰዉ ግን ምን ይመስለዋል? አሮጊት ሴት ሲያይ ከነማማሰያዋ የተወለደች ይመስለዋል። «እርስዎማ ምን ያቅትዎታል፣ የድሮ ባለሙያ!» ይሉኛል፣ እኔም ዝም እላለሁ። ያላልኩትን ለምን አርማለሁ? ለማረም የሚከፈለኝ ደመወዝ ጡረታ ስወጣ ቆሟል።

(ሳቅ)

ሳቁ፣ ሳቁ። እና አንድ ሰሞን ኩሜ ለእህቷ ሠርግ ኑኑ ቁምባ ሄደች። ሌንሴ፣ አንቺ ደግሞ አኖ ከተማ ባልሽ ጋ ነበርሽ፣ ሆድሽ ገፍቶ፣ የመጀመሪያ ልጅ በአባት ቤት ነው የሚወለደው ተብሎ መምጫሽ ሲጠበቅ። ሰፈሩ ሁሉ ነበር የሚጠብቅሽ። እኔ ወጣ ባልኩ ቁጥር «ሌንሴ መጣች?» ነው። እንደምን ዋሉ የለም፣ «ሌንሴ መጣች?»

ታዲያ ደምሴን ወባ ያዘው። የዚህን አገር ወባ የማያውቅ የለም፣ አልተርክላችሁም። ይንቀጠቀጣል፣ ይቃጠላል፣ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። እና ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፣ መረመሩት፣ ኪኒን ሰጡት፣ እና ነርሷ፣ ልጅ ናት፣ ዓይን ዓይኔን እያየች «እማማ፣ ይስሙኝ። ይህን ኪኒን ቅባት ያለው ነገር በልቶ ነው የሚውጠው። በባዶ ሆድ አይሆንም፣ ያስመልሰዋል። እስከ ነገ ጠዋት ምግብም ኪኒንም ሆዱ ውስጥ ካልረጋ ይዘውት ይምጡ፣ ሆስፒታል እንልከዋለን፣ ይተኛል» አለች። ደምሴ ይሄን ሰማ።  ባጃጅ ውስጥ ስንገባ ከጋቢው ውስጥ ሆኖ «እታለም» አለኝ። እታለም ነው የሚለኝ፣ ታላቁ ነኝ። «ሆስፒታል አልሄድም። የሌንሴን እናት እዚያ አስተኝቼ ባዶ ጋቢዋን ነው ይዤ የተመለስኩት። እዚያ አልጋ ላይ አልተኛም። እቤቴ እሞታለሁ።» አቤት፣ ሰው እንዲህ ሲል ምን ይባላል? «ዝም በል፣ ማን ሞት ጠራህ» አልኩት። 

እና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ እቤት ደረስን። ደምሴ ጋቢውን እስከ ራሱ ተከናንቧል፣ በአንድ ወገን እኔ፣ በአንድ ወገን ባጃጅ ነጂው ደግፈነው፣ እያቃሰተ ገባ። ይቺን ልብ በሉልኝ። ዳቦ በሻይ ሰጠሁት፣ ኪኒኑን ዋጠ፣ ወዲያው ሁሉንም መለሰው። ዳቦውንም፣ ሻዩንም፣ ኪኒኑንም። እና ሁለት ነገር አስማለኝ። አንደኛ፣ «ለሌንሴ እንዳትደውዪ፣ በዚህ ሆዷ መንገድ ለመንገድ ስትንገጫገጭ አንድ ነገር ትሆንብኛለች።» ሁለተኛ፣ «ለጎረቤትም እንዳትናገሪ፣ ጫልቱ አወቀች ማለት ሌንሴ አወቀች ማለት ነው።» እውነቱን ነው። ጫልቱ፣ አትቆጪ፣ እዚሁ ተቀምጠሽ ነው የማማሽ።

«ምንም አይደል አዳዳ፣ ይቀጥሉ» አለች ጫልቱ።

አዳዳ፣ አክስቴ፣ ካልሽኝማ እቀጥላለሁ። ጠዋት ሲነጋ ገብቼ አየሁት። ከንፈሩ ደርቋል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል። «ደምሴ፣ ምን ትበላለህ?» «ምንም።» «ምንም የሚባል ምግብ የለም፣ ንገረኝ።» ወደ ግድግዳው ዞሮ «ኩሜ ብትኖር ገንፎ እቀምስ ነበር» አለ። «ገንፎ?» «የገብስ ገንፎ። በቅቤ።» «እኔ አለሁ አይደል እንዴ?» ዞር ብሎ አየኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ አስተያየት አይቼ አላውቅም። በወባ የሚሞት ሰው ለእኔ አዘነልኝ! «አንቺ?» አለ። «እኔ» አልኩት፣ እና በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

አሁን እንግዲህ ኑና እዩኝ። መብራት የለም፣ ጠፍቷል። ከሰል አያያዝኩ፣ ያን ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ያን እችላለሁ፣ ለሻይ ለምጄዋለሁ። የገብስ ዱቄቱን አገኘሁት። ታዲያ ከዚያስ? ዱቄቱ ነው ቀድሞ የሚገባው ወይስ ውሃው? ልጆቼ፣ እኔ ከመጽሐፍ ዓይነት ያላነበብኩት የለም። የነገሥታት ታሪክ አንብቤአለሁ፣ የፍልስፍና አንብቤአለሁ፣ የሩሲያውን የፈረንሳዩን ልብ ወለድ አንብቤአለሁ። በመጽሐፍ ውስጥ ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ግብር ይገባል፣ ማንም ግን አያማስልም! ምግቡ ከየት እንደመጣ የሚናገር አንድ ሰው የለም። እና በራሴ ፈረድኩ፣ ዱቄቱን ቀድሜ ድስት ውስጥ ሞላሁት፣ ከላዩ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለስኩበት፣ እና የወጥ ማማሰያውን አስገብቼ ላዞር ብል አልዞርም አለ። ገፋሁት። አልዞርም አለ። በሁለት እጄ ይዤ ገፋሁት፣ እና ቀጭ! ማማሰያው ለሁለት ተሰበረ። ግማሹ እጄ ላይ፣ ግማሹ እንደ ተተከለ ችካል ድስቱ ውስጥ ቆሟል። የቅቤውን ቆርቆሮ ብከፍት ባዶ። ኩሜ አሟጥጣው ሄዳለች።

አያችሁ፣ እንግዲህ ምርጫ የለኝም። የገንፎ ማማሰያ፣ ያንን ወፍራሙን፣ እና ቅቤ መለመን አለብኝ። ለማን እንደሆነ ደግሞ መናገር አልችልም፣ ምያለሁ። አለማወቄንም መናገር አልችልም፣ እሱ እንኳ መሐላ ሳይሆን ኩራት ነው። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ጫልቱ በር ላይ ቆምኩ።

«አካም ቡልቴ አዳዳ! ነጋዳ? ምነው በጠዋቱ?»

«ነጋ፣ ነጋ። ጫልቱ፣ የገንፎ ማማሰያ አለሽ?»

«መርቃ?» አለች። ገንፎን መርቃ ነው የሚሉት። ዓይኗ ፈጠጠ። «መርቃ ሊሠሩ ነው? ለማን?»

«ለሰው።»

«ለየትኛው ሰው?»

«ቤት ላለ ሰው። ጫልቱ፣ አትጠይቂኝ፣ ማማሰያውን ስጪኝ። ቅቤም ካለሽ ትንሽ።»

እና ጫልቱ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ትናንት ማታ ባጃጁን አይቻለሁ እኮ» አለችኝ። ክው አልኩ። «አይተሻል?» «አይቻለሁ። ደግፋችሁ ስታስገቡ። ማቃሰቱንም ሰምቻለሁ።» «እንግዲያውስ ካወቅሽ አፍሽን ያዢ። ለማንም አትናገሪ፣ ገና ነው፣ ሌሊቱን ስንጨነቅ ነው ያደርነው።» «ኧረ እኔ! አፌን ሰፍቼዋለሁ! ግን ደህና ነው ሁሉም ነገር? በሰላም ነው?» «ገንፎው ከተበላ ደህና ይሆናል» አልኳት። ይቺ ሴት ዓይኗ እንባ ሞላ! ገለኒ ዋቃዮፍ፣ ጌታ ይመስገን፣ እያለች ወደ ጓዳ ገባች፣ እና ወፍራሙን ማማሰያ እና ይሄን የሚያህል የተነጠረ ቅቤ ይዛ ወጣች። «ኧረ ይበዛል» ብላት «ለዚህ ቅቤ አይበዛም!» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። እኔ ደግሞ በልቤ፣ ወባ ለያዘው ሰው ይሄ ሁሉ እንባ? እኔ ከዚህ አገር ስርቅ ሰዉ እንዲህ ሆዱ ባብቷል እንዴ? አልኩ።

አሁን ገባችሁ? ጫልቱ የጠረጠረችው ወባ አይደለም። ተከናንቦ፣ ተደግፎ፣ እያቃሰተ የገባው ሰው ለእሷ ሌንሴ ናት። ምጥ ይዟት የመጣች ሌንሴ። እና በማግስቱ ጠዋት አክስቷ የገንፎ ማማሰያ ስትለምን፣ ለማን ነው ሲሏት ስትደብቅ፣ አትናገሪ ስትል፣ ሌላ ምን ይሁን? አራስን ዓይን እንዳይበላት ለጊዜው ይደበቅ የለም እንዴ? የአራስ ገንፎ ነው፣ አለቀ!

እኔ ምኑንም ሳላውቅ ተመልሼ ጓዳ ገባሁ። አሁን ውሃውን ቀድሜ አፈላሁ፣ ከመጀመሪያው ጥፋቴ ይህን ያህል ተምሬአለሁ። ጨው ጣል አደረግሁ፣ ዱቄቱን አፈሰስኩ፣ እና ድስቱን በጨርቅ ይዤ ማማሰል። ልጆቼ፣ ማን ነው ማማሰል ሥራ አይደለም ያለው? ክንዴ ተገነጠለ። ይጓጉላል! ጓሉን አንዱን ስጨፈልቀው ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱን ስጨፈልቅ ከየት እንደመጡ የማላውቃቸው ሌሎች ብቅ ይላሉ። ከሥሩ ደግሞ ማረር ጀመረ፣ ይሸተኛል። «ምን አደረግሁህ?» እለዋለሁ ገንፎውን። «እኔ አንተን ምን አድርጌህ አውቃለሁ? አታውቀኝ፣ አላውቅህ!» ሳበስል ሰው ቢያየኝ ጸበል ይወስደኝ ነበር። እና ከወዲያ ክፍል ደምሴ ሲያቃስት እሰማለሁ፣ እና የነርሷ ቃል ጆሮዬ ላይ አለ፣ እና በዚያች ሰዓት እንዲህ አሰብኩ፦ ሰው ወንድሙን የሚያጣው በጦርነት ነው፣ በአደጋ ነው። እኔ ወንድሜን በጓል ምክንያት ልጣ?

ልክ ይሄን ሳስብ በሩ ላይ «እልልልልል!»

ማማሰያውን ይዤ ቀጥ አልኩ። ጫልቱ ከፊት፣ ዘነበች ከኋላ፣ ዘነበች ያችኛዋ የሸዋዋ፣ ቤቷ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ያለው፣ ከእነሱ ኋላ ደግሞ ግማሹ ሰፈር። አንዷ ወተት ይዛለች፣ አንዷ ቅቤ፣ አንዷ የሕፃን ማቀፊያ። እና ዘነበች እልልታውን ጀምራ መሃል ላይ ቆረጠችውና «ቆይ ቆይ! ስንት ጊዜ ነው የምንለው? ወንድ ነው ሴት?» አለች።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አዳዳ አልነገሩኝም» ጫልቱ።

«ሳታውቂ ነው እንዴ ያስጀመርሽኝ? በወንድ ጀምሬ ሴት ብትሆንስ?»

«ዘነበች፣ ምንድን ነው ነገሩ?» አልኩ እኔ። ዱቄት እስከ ቅንድቤ ነው።

«ደባቂ! ደግሞ ምንድን ነው ትላለች! የሺ፣ አንቺ ድሮም ደባቂ ነበርሽ!» ብላ ገፍታኝ አለፈች። ቁሙ ብል ማን ሊሰማኝ? ደምሴ የተኛበት ክፍል መስኮቱ ተዘግቷል፣ ጨለማ ነው፣ እሱ ብርድ ብርድ ብሎት እስከ ራሱ ተከናንቧል። ዘነበች ገባች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ በዚያ በሚያምር ድምጿ «እንኳን ማርያም ማረችሽ የኔ ልጅ! እንኳን ማርያም ማረችሽ የኔ ዓለም!» አለች፣ እና ጋቢውን ገለጥ አድርጋ ግንባር ስማ ወደ ጉንጭ ስትወርድ... ጢም!

«ወይኔ በስመ አብ!» ብላ ዘለለች።

 እኔ በሩ ላይ፣ ጫልቱ ከኋላዬ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ። እና ከአልጋው ውስጥ በቀጭን ድምፅ፣ «አሜን፣ እት ዘነበች» አለ ደምሴ። «ወንድ ነው። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው።»

(ሳቅ)

እንደ አሁኑ ነበር ሳቁ! ከዚህ የባሰ! ጫልቱ ግድግዳ ይዛ ነው የሳቀችው፣ ዘነበች በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና «አዋረድከኝ! ባደባባይ ጢማም አራስ አሳምከኝ!» ትላለች፣ እና ደምሴ ሳቀ። ልጆቼ፣ ደምሴ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ እኔ ሰምቼ አላውቅም። እየሳለ ሳቀ፣ እንባው እስኪፈስ ሳቀ፣ እኔ ፈራሁ፣ በሳቅ ሊያልፍ ነው ብዬ። እና ሲበርድለት ቀና አለና «ታዲያ ገንፎዬ የት አለ? አራስን እንዲህ ታስርባላችሁ?» አለ።

ሮጬ አመጣሁ። ሳህን ላይ ገለበጥኩት፣ መሃሉን ጎድጎድ አድርጌ ቅቤውን ሞላሁበት። ጫልቱ ጎንበስ ብላ አየችውና፣ እዚህ ትመስክር፣ «ያ ዋቃ! አዳዳ፣ ይሄ መርቃ ነው ወይስ ቅቅል ድንች?» አለች።

«ብዬ ነበር?» አለች ጫልቱ። «ብዬስ ነበር። ጓሉ ይሄን ያህል ነበራ!»

አያችሁ? ራሷ መሰከረች። ዘነበች ደግሞ «የሺ፣ አንቺ ነሽ የሠራሽው? ባለሙያዋ?» አለችኝ። እና ደከመኝ፣ መደበቅ ደከመኝ፣ «አዎ፣ የመጀመሪያዬ ነው፣ ገንፎ አልችልም፣ ችዬም አላውቅ፣ አሁን ደስ ይበልሽ» አልኳት። ማንም አልሳቀም። ጠብቄ ነበር፣ ማንም አልሳቀም። ዘነበች ብቻ ማንኪያውን ጠርጋ ለደምሴ አቀበለችውና «ብላ፣ አራስ የቀረበለትን ነው የሚበላ» አለችው።

ጎረሰ። እና አኘከ። ገንፎ ይታኘካል? የእኔ ይታኘካል። ሁላችንም አፉን ነው የምናየው። ዋጠ። «እታለም፣ ይሄ ገንፎ ጥርስ ለሌለው የሚሆን አይደለም» አለ፣ እና ደገመ። ደገመ፣ ሰለሰ፣ ከቅቤው እያጠቀሰ የሳህኑን ግማሽ በላ። ኪኒኑን ሰጠሁት፣ በወተት ዋጠው።

ታዲያ አሁን ነው ጭንቁ። መብላቱን በልቷል፣ ትናንትም በልቶ ነበር። ይረጋል ወይስ ይመለሳል? ነገሩን ሁሉ፣ ወባውን፣ ነርሷ ያለችውን፣ መሐላውን ሹክ አልኳቸው፣ እና ያ ሁሉ ሰው ሊጠብቅ አብሮኝ ተቀመጠ። ዘነበች ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታማትባለች፣ ጫልቱ ዓይኗን ጨፍና እጇን ዘርግታ በኦሮምኛ ትጸልያለች፣ እኔ ሳፋ ይዤ አልጋው ሥር ተቀምጬአለሁ። በአንድ ወቅት ደምሴ ፊቱ አመድ መሰለ፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፣ እጁን ወደ አፉ ወሰደ። ሳፋውን አነሳሁ። በቃ አልኩ። ሆስፒታል፣ አልሄድም ይላል፣ ይዘን እንሄዳለን፣ እዚያ ያ አልጋ... እና እጁን ከአፉ አነሳና አገሳ። ትልቅ ግሳት፣ የጥጋብ ግሳት፣ አባታችን እንደሚያገሳው። «ይቅርታ» አለ። «እግዚአብሔር ይስጣችሁ» አለ። ወደ ግድግዳው ዞረ፣ ላብ አጠመቀው፣ እና እንቅልፍ ወሰደው። ያ ትኩሳት በላቡ ሲወጣ ይታይ ነበር። ዘነበች እጇን አንገቱ ላይ አድርጋ «በረደ» አለች። በረደ አለች፣ ብቻ።  ባዶ ሳፋ እንዲህ ደስ ይላል እንዴ? የያዝኩት ሳፋ ባዶ መሆኑን እያየሁ ተመስገን፣ ተመስገን እላለሁ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን በሩቁ የምስመው።

ደግሞ አላበቃም። ጫልቱ አፌን ሰፍቻለሁ ብላኝ የለም? ለካስ ገና ማማሰያውን እንደሰጠችኝ አኖ ደውላለች፣ ለሌንሴ አማት እንኳን ደስ ያለሽ ልትል።

«ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ!» አለች ሌንሴ። «አማቴ ገበያ ነበረች። ጫልቱ ድምፄን እንኳ አልለየችም። 'እልል! ሌንሴ ተገላገለች!' አለችኝ። 'ማን?' አልኳት። 'ሌንሴ!' አለችኝ። ሆዴን አየሁት፣ እንዳለ ነው።»

ታዲያ አንቺ ሞኝ ነሽ? ወዲያው ገባሽ፣ አባቴ አንድ ነገር ሆኗል ብለሽ ለእኔ ስትደውዪ ቆየሽ፣ እኔ ስልኬን ያነሳሁት ደምሴ ከተኛ በኋላ ነው፣ አንቺ እያለቀስሽ፣ ልመጣ ነው መኪና ልያዝ ነው እያልሽ። እና ደምሴ በእንቅልፍ ልቡ ስልኩን ከእጄ ቀማኝ፣ እና ድምፁ፣ ያ ድምፁ ተመልሶ ነበር፣ ጎላ ብሎ «ልጄ፣ አትምጪ፣ በጊዜሽ ትመጫለሽ። ወባ ነበር፣ በልቻለሁ፣ ውጫለሁ፣ አልመለሰኝም። እኔ ወልጄ ተገላግያለሁ፣ የቀረሽው አንቺ ነሽ» አላት። ከስልኩ ውስጥ ለቅሶው ሳቅ ሲሆን እኔ ሰማሁት።

ኪኒኑ እስኪያልቅ ሰዎቹ ከቤቱ አልወጡም። ጠዋት አንዷ፣ ከሰዓት አንዷ፣ እውነተኛ አራስ እንዳለበት ቤት። ደምሴም ለመደ፣ «ዛሬ የማን ተራ ነው፣ ገንፎው የታል?» ይላል፣ ነውር የለውም። እና ሌንሴ በጊዜሽ መጣሽ፣ ወለድሽ፣ ያኛውን ታሪክ ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም።

ታዲያ እናንተ አሁን «አዳዳ የሺ ከከተማዋ ታረቀች» ልትሉ ነው። ፊታችሁን አውቀዋለሁ፣ ስንት ደራሲ እንደዚያ ሲጨርስ አርሜአለሁ። አልታረቅሁም። አንድ ጥሩ ጠዋት የስንት ዘመን ቂም አይሽርም፣ ያደረጉኝን አድርገውኛል፣ ያንን ይዤ እሞታለሁ። ያን ጠዋት ግን ሳይጠሩ መጥተዋል፣ በሩን ገፍተው ገብተዋል፣ ወንድሜም ቆሞ ይሄዳል። ይሄንንም አልክድም። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም።

«እሺ አዳዳ» አለች ጫልቱ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። «ቂምዎን እንደያዙ ነገ ቁርስ እኛ ቤት ይምጡ።»

«ምንድን ነው ቁርሱ?»

«ጨጨብሳ።»

«እመጣለሁ።»